ክራሽ ነው የከበደን ወይስ ሰዓቱ?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ድልድይ ላይ 31 ጊዜ ሞትኩ። የቆጠረው ጓደኛዬ ነው። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ቆሎ እየቆረጠመ፣ እኔ በወደቅኩ ቁጥር "አስራ ስምንት"፣ "አስራ ዘጠኝ" ይላል። ሃያ አምስት ላይ ሲደርስ ሰለቸውና "ኧረ ስጠኝ ላሳልፍልህ!" አለኝ። ይቺን "ስጠኝ ላሳልፍልህ" የምትል ነገር ከሰማሁ አስራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። አልሰጠሁትም። በልጅነቴ ስንቴ ሰጥቻለሁ! አሁን ግን የሚቆጥርብኝ ሰዓት የለም።

ጌሙ ክራሽ ባንዲኩት ነው። ተጫውታችሁት ባታውቁ እንኳ አይታችሁታል፦ ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ሰማያዊ ቁምጣ የታጠቀ፣ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ሳጥን የሚሰብር እንስሳ። ባንዲኩት አውስትራሊያ ውስጥ የሚኖር አፉ ሾል ያለ ትንሽ አውሬ ነው። እኛ ሰፈር ግን "ቀበሮ ነው"፣ "አይ ውሻ ነው" እየተባባልን ነበር የምንጣላው። የመጀመሪያውን ጌም ኖቲ ዶግ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አወጣው። ሁለተኛው በ1997፣ ሦስተኛው በ1998 ተከተሉ። እኔ ቅዳሜ ስሞትበት የዋልኩት ደግሞ "ኤን ሴን ትሪሎጂ" የሚባለውን ነው። ሦስቱን ጌሞች ቪካሪየስ ቪዥንስ የተባለ ስቱዲዮ እንደ አዲስ ሠርቷቸው አክቲቪዥን በ2017 በአንድ ሲዲ ለፒኤስ 4 ያወጣቸው ናቸው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ትሮጣለህ፣ ትዘላለህ፣ ሳጥን ትሰብራለህ፣ ፍሬ ትለቅማለህ። መቶ ፍሬ ሲሞላ አንድ ነፍስ ይጨመርልሃል። ገደል ከገባህ አንድ ነፍስ ይቀነሳል። ነፍስህ ሲያልቅ ጨዋታው አበቃ። እንዲህ ዓይነቱን ጌም ፕላትፎርመር ይሉታል፤ ማሪዮም ከዚሁ ወገን ነው። ጥይት የለም፣ ተረት የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ነገር ያረፈው አንዲት ዝላይ ላይ ነው። ስለዚህ ዝላይዋ በፀጉር ስንዝር ብትቀየር ጌሙ ሌላ ጌም ይሆናል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ጌም ቤቱን ልንገራችሁ።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ እኔ የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረ። ቆርቆሮ ክዳን፣ ከበሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጡ የላብና የተጠበሰ ድንች ሽታ። ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ሁለት ፒኤስ 2 ነበሩ፤ እነሱ የትልልቆቹ ናቸው፣ ሁሌም ኳስ ነው የሚጫወቱት፣ ክፍያውም በጨዋታ ነው። በር ሥር፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ በሚገፋህ ቦታ ላይ፣ አንድ አሮጌ ፒኤስ 1 አለ። ሲዲውን በትክክል እንዲያነብ ተገልብጦ ነበር የሚቀመጠው። እሱ የእኛ የሕፃናቱ ነው። አስር ደቂቃ በአንድ ብር።

እኔና በአራት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብር ነበረችን። ሃያ ደቂቃ። እሱ ይጀምራል፣ እኔ እቀጥላለሁ። ማሽኑ ላይ ሜሞሪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባለቤቱ "ይሰርቁታል" ብሎ ነቅሎ ቤቱ ወስዶታል። ስለዚህ ትናንት የደረስክበት ቦታ ዛሬ የለም። ዛሬም ከባሕሩ ዳርቻ፣ ከአንደኛው ሌቭል ትጀምራለህ።

ያኔ አንድ መላ ነበረ፤ ኮድ። ያኛው የመጀመሪያው ክራሽ ሜሞሪ ለሌለው ሰው የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ኮድ ይሰጠዋል። በሌላ ቀን ያንን ኮድ ስታስገባ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ግን ኮዱም ቢሆን ዝም ብሎ አይሰጥም። በየሌቭሉ ውስጥ የተደበቁ ሦስት ምልክቶችን ሰብስበህ፣ ወደ ሽልማት ዙር ገብተህ፣ እዚያ ሳትወድቅ መጨረስ አለብህ። ከወደቅክ ድጋሚ ዕድል የለም። ማለትም ጌሙን ሴቭ ማድረግ ራሱ የሚሸለሙት ሽልማት ነበር! ለዛሬ ልጅ ይሄን ብትነግሩት አያምናችሁም።

ወንድሜ ከትልልቆቹ አንዱ ያገኘውን ኮድ እጁ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ መጣ። በምን እንዳገኘው አልነገረኝም። ኮዱ ከአንድ ድልድይ ትንሽ ቀደም ብሎ ያስገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ብራችን የምታልቀው እዚያ ድልድይ ላይ ሆነ። ጭጋግ ውስጥ የተንጠለጠለ የገመድ ድልድይ ነው፤ የሚሰበሩ ጣውላዎች፣ በመካከል ባዶ ቦታ፣ እየጋለበ የሚመጣ አሳማ፣ ጀርባው ላይ ነጥረህ የምትሻገርበት ኤሊ። ስሙ "ወደ የትም የማይወስድ መንገድ" እንደ ማለት ነው። ስሙን ያኔ አናውቅም፤ እኛ "ድልድዩ" ነበር የምንለው። ሁሌም ታዲያ ግማሹ ላይ ስንደርስ ባለቤቱ ከኋላችን መጥቶ "አለቀ!" ይላል፤ እጁ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው።

ያንን ድልድይ አላለፍኩትም። ጌም ቤቱ ተዘጋ፣ ሰፈራችን በልማት ፈረሰ፣ እኛም ወደ ኮንዶሚኒየም ሄድን። "ክራሽ ከባድ ጌም ነው" የሚል ነገር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ባለፈው ቅዳሜ ስንጀምር ለጓደኛዬ ያልኩትም ይህንኑ ነው፦ "የድሮ ጌም ወንድ ነበር፤ የአሁኑ ልጅ ሴቭ እያደረገ ነው የሚጫወተው።"

እሺ፣ ወደ ዝላይዋ እንመለስ። አዲሱ ጌም ለዓይን ድንቅ ነው። የክራሽ ፀጉር ይነፋል፣ ውሃው ያብረቀርቃል፣ ቅጠሉ ይወዛወዛል። የሚገርመው፣ ሳየው "ድሮም እንዲህ ነበር" ብዬ ነበር የማስበው። አልነበረም። በኋላ ኦሪጅናሉን ሳየው ክራሽ ከጥቂት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ጭራሮ ነው የሚመስለው። ስቱዲዮው የሠራው የድሮውን ጌም ሳይሆን የድሮውን ጌም ትዝታ ነው፤ በዚህ በጣም አደንቃቸዋለሁ።

መሠረቱ ግን የድሮው አይደለም። ሠሪዎቹ የኦሪጅናሎቹን የመሬት ቅርፅ አግኝተው ነበር፤ ድልድዩም ጣውላውም ቦታው ላይ ነው። ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ግን ሌላ ነው። ሦስቱንም ጌሞች በአንድ ዓይነት አካሄድ ለማስኬድ ሲሉ የክራሽን እንቅስቃሴ ከሦስተኛው ጌም ተነስተው ነው የቀረፁት። ውጤቱ ምን ሆነ? በ1998 ዓይነት እግር በ1996 ድልድይ ላይ መዝለል። ጌሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ተጫዋቾች "እየዘለልኩ ጫፉ ላይ አርፌ ሳለ ይንሸራተታል" ብለው ጮኹ። ድርጅቱም አልካደም፤ አንዳንድ ዝላዮች ከድሮው የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚፈልጉ በይፋ ተናገረ።

ለምን እንደሆነ በቀላሉ ላስረዳ። እያንዳንዱ የጌም ገጸ ባሕርይ በዓይን የማይታይ ሌላ አካል አለው፤ ኮምፒዩተሩ "መሬት ነካ ወይስ አልነካም?" የሚለውን የሚፈትሸው በእሱ ነው። የድሮው ክራሽ የማይታይ አካሉ ሳጥን ነበር፣ ታችኛው ክፍሉ ጠፍጣፋ። የሳጥኑ ጫፍ ጣውላውን በትንሹ ከነካ ቆመሃል። የአዲሱ እንደ መድኃኒት ካፕሱል ነው፣ ታችኛው ክፍሉ ክብ። ክብ ነገር ጠርዝ ላይ ምን ይሆናል? ብርጭቆ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ብታስቀምጡ ይቆማል፤ ሎሚ ብታስቀምጡ ይወድቃል። አለቀ። ከ31 ሞቴ ውስጥ ቢያንስ አስሩ የሎሚ ሞት ነው።

ማረጋገጥ ስለፈለግኩ ማታ ቤቴ ገብቼ ኦሪጅናሉን ስልኬ ላይ በኢምዩሌተር ሞከርኩት። በስክሪን ንክኪ ክራሽ መጫወት ማለት በጓንት ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ነው፤ አትሞክሩት። በማግስቱ ከጓደኛዬ ጆይስቲክ ተውሼ በኦቲጂ ገመድ ሰካሁት። እውነታቸውን ነው። ኦሪጅናሉ ጠርዝ ላይ ይምርሃል። አዲሱ አይምርም። እንግዲህ ስለ ድሮ ጌም ወንድነት የተናገርኩትን ነገር እዚህ ጋ መዋጥ ጀመርኩ፤ ቢያንስ በዝላይ ረገድ የከበደው አዲሱ ነው።

ታዲያ አዲሱ ከከበደ፣ ለምንድነው አዲሱን ያለፍኩት?

በአዲሱ ጌም ሴቭ በራሱ ይደረጋል። ኮድ የለም፣ መዳፍ ላይ እስክሪብቶ የለም። ነፍስህ ካለቀ ያንኑ ሌቭል ከመጀመሪያው ትጀምራለህ እንጂ ሌላ የምታጣው ነገር የለም። አንዳንድ ነባር ተጫዋቾች ይሄ ጌሙን አበላሸው ይላሉ። ክርክራቸው ይገባኛል፦ ሞት ዋጋ ከሌለው ማለፍም ዋጋ የለውም። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ከእነሱ ጋር ነበርኩ። አሁን ግን ተሳስተዋል እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልናገር፣ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩት ነገር አንዴ እንኳ ይጥቀመኝ።

ጌም ቤት ውስጥ የስህተት ዋጋ ነበረ፣ ያውም በሳንቲም የሚቆጠር። አስር ደቂቃ አንድ ብር ከሆነ አንድ ደቂቃ አስር ሳንቲም ነው። ድልድዩ ላይ ወድቄ እንደገና እስክደርስ ሁለት ደቂቃ ከፈጀብኝ፣ አንዷ ውድቀት ሃያ ሳንቲም አስወጣችኝ ማለት ነው። ሃያ ሳንቲም ምንድነው አትበሉኝ፤ ያኔ ለእኔ ትልቅ ነው። ስለዚህ ምን አደርግ ነበር? የማውቀውን ብቻ። ኤሊው ጋ ስደርስ የማላውቀውን መንገድ አልሞክርም፤ ትናንት የሠራልኝን ያህል ተጉዤ፣ ትናንት የወደቅኩበት ቦታ ላይ እወድቃለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ኮዱን ትተን ከባሕሩ ዳርቻ እንጀምራለን፤ ምክንያቱም ሦስቱን የመጀመሪያ ሌቭሎች ዓይናችንን ጨፍነን እናልፋቸዋለን፣ ቢያንስ ሃያዋን ደቂቃ እየኖርን ነው የምንጨርሳት። ያኔ ፈሪ መስዬኝ አፍር ነበር። አሁን ሳስበው ፍጹም ምክንያታዊ ነበርኩ። መሳሳት ውድ በሆነበት ቦታ ሰው አይሞክርም። ዘር የተበደረ ገበሬ አዲስ ዓይነት ዘር ለመሞከር ለምን እንደሚያመነታ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩን በግራፍ ነበር፤ መምህራችን በክራሽ ቢያስረዱን ኖሮ ያን ኮርስ በኤ እወጣ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት 31 ሞቴ ያስወጣኝ ዜሮ ነው። ከጓደኛዬ ቆሎ ሌላ የጎደለ ነገር የለም። ስለዚህ ሞከርኩ። አሳማውን ቀድሜ መዝለል ሞከርኩ፣ ዘግይቼ ሞከርኩ። ኤሊው ላይ በተንውን ይዤ መንጠር ሞከርኩ፣ ለቅቄ ሞከርኩ። የትኛው ጣውላ ከነካሁት በኋላ እንደሚወድቅ፣ የትኛው እንደሚቆይ በሞት በሞት ተማርኩት። አስራ አምስተኛው ሞት አካባቢ እጄ ሳላዘው መሥራት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ልቤ እንደ ድሮው አልመታም። ጌም ቤት ውስጥ አስር ልጅ ከኋላዬ ቆሞ እየተነፈሰብኝ፣ አንዱ "ግራ! ግራ!" እያለ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረኝ ያቺን ጣውላ መዝለል ሌላ ነገር ነበር። ያንን ጓደኛዬ ሶፋ ላይ አላገኘሁትም። ግን ያ ድንጋጤ የመጣው ከጌሙ አልነበረም፤ ከብሩ ነው። ጌሙን ለማመስገን የተጠቀምኩበት ስሜት የድህነት ስሜት ነበር። ሁለቱን መለየት ሃያ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው የቻልኩት።

ደግሞ ሠሪዎቹ ራሳቸው ክብደት ሁሉ ጥሩ ነው ብለው አያምኑም ነበር። ኖቲ ዶግ በ1996 አንድ ሌቭል ሠርቶ በጣም ከበደ ብሎ አስቀርቶታል፤ ዝናብና መብረቅ ያለበት የግንብ መወጣጫ ነው። ሲዲው ውስጥ ተደብቆ ነበር የቀረው። አዲሶቹ ሠሪዎች በ2017 እንደ አዲስ ሠርተው ለቀቁት። ሞክሬዋለሁ። ስላስቀሩት እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አሁን ስልካችሁን ይዛችሁ ወደምታነቡት ወደ እናንተ ልምጣ። "እኔ ፒኤስ 4 የለኝም፣ ምን አገባኝ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባችኋል፤ ምክንያቱም የዚያ ጌም ቤት ባለቤት ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ነው ያለው።

ክራሽ ለስልክም ወጥቶ ነበር። "ኦን ዘ ረን" ይባላል። የሠራው ኪንግ፣ ያው ካንዲ ክራሽን የሠራው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አወጣው። ያኔ የሥራ ፈላጊ ነበርኩና ጊዜ ሞልቶኝ ነበር፤ ጫንኩት። ክራሽ ይሮጣል፣ አንተ በጣትህ ግራ ቀኝ ትለዋለህ። ጥሩ ነገር ነበረው፣ ድሮ የማውቃቸው ቦታዎች አሉበት። ግን ቀጣዩን ጠላት ለመግጠም መሣሪያ መሥራት አለብህ፤ መሣሪያው እስኪሠራ ደግሞ መጠበቅ አለብህ። ደቂቃዎች፣ ከዚያ ረዘም ያለ ጊዜ። መጠበቅ ካልፈለግክ? ክፈል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ስላልነበረኝ ጠበቅኩ፤ የማታ ፓኬጅ እየገዛሁ፣ ሌሊት እየነቃሁ። ሩቅ ሄጄ ነበር። በየካቲት 2023 ሰርቨሩ ተዘጋ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። አሁን የትም የለም፤ ብትከፍሉም አታገኙትም፣ የሰበሰብኩት ሁሉ አብሮ ጠፋ።

አስተውሉ እስቲ። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሲዲ፣ ያልተጫረ ካገኛችሁ፣ ዛሬ ማታ ይሠራል። የ2021ዱ ግን ሞቷል። የቱ ነው ዘመናዊው?

ስልክ ላይ ያሉትን አብዛኞቹን ነፃ ጌሞች ክፈቷቸው። አምስት ነፍስ ይሰጧችኋል፤ ስታልቅ "ሠላሳ ደቂቃ ጠብቅ፣ ወይ ማስታወቂያ እይ፣ ወይ ግዛ"። የስህተትን ዋጋ መልሰው አመጡት። ሌቭሉ የሚከብደው እናንተ እንድትማሩ ነው ወይስ እንድትከፍሉ? ይሄንን ጥያቄ ቅዳሜ ድልድዩ ላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጌሙ አንዴ ተሸጧል፣ እኔ ብሞትም ባልሞትም የሚያገኘው ነገር የለም። የሰፈራችን ጌም ቤት ባለቤት እንኳ ከእነዚህ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ "ግዴለም፣ ነገ ታካክሳላችሁ" ይል ነበር፤ በማግስቱም ያካክሰናል። ስልኬ ዳታ ሲቋረጥብኝ አካክሶኝ አያውቅም።

እርግጥ የምለው ነገር ዋጋ አለው፣ ቃል በቃል። ይሄ ትሪሎጂ ሲወጣ 40 ዶላር ነበር። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመደረጉ በፊት፣ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ በባንክ ዋጋ ብናሰላው 2,300 ብር ገደማ ነው። አሁን ዶላር መቶ ብርን ካለፈ በኋላ ያው ጌም ከ4,000 ብር በላይ ነው፤ ያውም ኦንላይን የሚከፍል ካርድ ካገኛችሁ። ለአንድ ጀማሪ ተመራቂ ይሄ ቀልድ አይደለም። ጓደኛዬ ያለው ሲዲ ሁለተኛ እጅ ነው፤ ከእሱ በፊት ሁለት ቤት ዞሯል፣ ከእሱ በኋላ እኔ ቤት ባይሆንም (ማሽን የለኝም) የሥራ ባልደረባው ጋ ሊሄድ ተራ ይዟል። ለዚህ ነው ሲዲ የሌላቸው፣ በዳውንሎድ ብቻ የሚሸጡ ማሽኖች መምጣታቸው የማይጥመኝ። የወረደ ጌም አይዋስም። ሀብታም አገር ውስጥ ይሄ ምቾት ነው፤ እኛ ጋ ግን ጌም የሚደርሰን በመዋዋስ ነው፣ ሌላ መንገድ ኖሮን አያውቅም።

ሠላሳኛው ሞት ላይ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አሁን ዱባይ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነቃው። ቪዲዮውን ከፍቼ ስልኩን ወደ ቲቪው አዞርኩለት። ለአፍታ ዝም አለ።

"ድልድዩ!" አለ።

"አላልፍ አለኝ።"

"በገመዱ ሂዳ!"

የሰፈር ትልልቆቹ የሚያውቁት ዘዴ ነበር፤ ጣውላውን ትተህ በድልድዩ ጎን ያለው መደገፊያ ገመድ ላይ ዘለህ ወጥተህ፣ እሱን ይዘህ መሄድ። አዲሱ ላይም ይሠራል፤ ሎሚ እግር ይዘህ ገመድ ላይ መሄድ ከባድ ቢሆንም። "አልፈልግም፣ በጣውላው ነው የማልፈው" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጠየቅኩት።

"ለመሆኑ ከድልድዩ በኋላ ምንድነው ያለው?"

"ድንጋይ ነዋ! ትልቅ ድንጋይ። ከኋላህ እየተንከባለለ ያሯሩጥሃል።"

ጆይስቲኩን አስቀመጥኩት። "በምን አወቅክ?"

ዝም።

"አንተ፣ በምን አወቅክ?"

"አንዴ አልፌዋለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "አንተ አሞህ የተኛህ ቀን። እማዬ ዳቦ ግዛ ብላ አምስት ብር ሰጥታኝ ነበር። ጠፋብኝ ብዬ የተገረፍኩበትን ቀን ታስታውሳለህ?"

አስታውሳለሁ። አብሬው አልቅሼ ነበር።

"አምስት ብር ሙሉ፣ ሃምሳ ደቂቃ፣ ማንም ሳያስቆመኝ" አለ። "መጀመሪያ ስንቴ እንደወደቅኩ አልነግርህም። ከዚያ አለፍኩት። ልነግርህ አስቤ ነበር፣ ግን ብሩን ትጠይቀኛለህ ብዬ ፈራሁ።"

ጓደኛዬ ቆሎውን ትቶ ወደ ስክሪኑ ቀረበ። ሠላሳ አንደኛውን ሞት ወንድሜ እያየኝ ሞትኩ፤ ሎሚ ነው። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ አሳማውን ቀደምኩት፣ ሁለቱን ኤሊዎች ነጠርኩባቸው፣ የመጨረሻዋ ጣውላ እግሬ ሥር ስትወድቅ እኔ ማዶ ነበርኩ። ዱባይ ውስጥ የሆነ ሰው "ሽሽ፣ ሰው ተኝቷል" ሲለው ሰማሁ።

"በል አሁን ሩጥ" አለኝ ወንድሜ።

ቀጣዩ ሌቭል ተከፈተ። እውነቱን ነው፤ ድንጋይ ነው።